ቁራ የምታባርር ቃል

ቄስ ሀቨርስን በዚያ ዓመት አንዲት ቃል እንቅልፍ ነስታቸው ነበር። የመንደሩ ሰው እህል ሲዘራ እሳቸው ቃል ይለቅማሉ። በትልቁ ከተማ ሊቃውንት ተሰብስበው የእንግሊዝኛን ቃል ሁሉ ከነትርጉሙ፣ ከነዘር ማንዘሩ በመዝገብ ሊያሰፍሩ ተነሥተው ኖሮ፣ በየገጠሩ ላሉ ቄሶች «የምትሰሙትን እየጻፋችሁ ላኩልን» የሚል ደብዳቤ በትነዋል። ቄሱም ኪሳቸውን ወረቀት ሞልተው ከቀጥቃጩ ቤት እስከ ወፍጮ ቤት እየዞሩ ሰው ሲነጋገር ቆመው ያዳምጣሉ። ሰው መጀመሪያ ላይ አፍሮ አፉን ይሰበስብ ነበር። ኋላ ግን ለመዳቸውና እንዳሻው መሳደቡን ቀጠለ።

ቃሏ «ሹ» ናት። እኛ አገር ለዶሮም ለዝንብም «እሽ» እንደሚባለው፣ በእንግሊዝ ገጠር፣ ኖርፎክ ውስጥ ለዶሮም ለዝይም ለቁራም «ሹ» ይባላል። የማባረር ሥራው ራሱም የሚጠራው በዚሁ ነው። ይህች ከአንድ ትንፋሽ የማትበልጥ ቃል ከየት መጣች? ቄሱን ያስጨነቃቸው ይኸው ነው።

«አንዱ ሊቅ ከጀርመን የመጣች ናት ይላል፤» አሉ አንድ ቀን፣ በማሳው አጥር ሥር ቆመው። «ሌላው ደግሞ የለም፣ የሮማውያን ናት ብሎ ሁለት ገጽ ሙሉ ይከራከራል። አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ኬዛያ?»

ኬዛያ ላርተር መሬት ላይ ቁጭ ብላ ዳቦ በሽንኩርት ትበላ ነበር። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከዚያ ውስጥ ሠላሳ አራቱን ያሳለፈችው የሚስተር ፑሊን እርሻ ከቁራ ስትጠብቅ ነው፤ ይህን ጥያቄ ለእሷ ማቅረብ ለዓሣ አጥማጅ ስለ ውኃ እንደ መጠየቅ ነው።

«እኔ እንጃ፣ ጌታዬ። ሮማውያኑ አተር ይዘሩ ነበር?»

«ሳይዘሩ አይቀሩም።»

«እንግዲያው ቁራም ነበራቸዋ! ቁራ ካለ ቃሉም አለ። ምኑ ያከራክራል?»

ቄሱ ሳቅ አሉና ጻፉ። «ትርጉሟስ? ሂድ ማለት ናት?»

«ሂድማ አይደለም። ቁራ ሂድ ቢሉት ይሄዳል እንዴ? ባሌ እንኳ ሂድ ስለው አይሄድም ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«ታዲያ ምን ማለት ናት?»

«አይቼሃለሁ ማለት ናት።»

ቄሱ ብዕራቸውን አንሥተው አዩዋት። ያስገረማቸው መልሱ ብቻ አይደለም፤ ድምፅዋም ነው። ድሮ ከማሳው ማዶ ሆና ስትጮኽ ቤተ ክርስቲያን ድረስ የሚሰማው ድምፅ ዛሬ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ ይላል። «ጉሮሮሽን ምን ነካው?» አሏት። «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» ብላ ዋሸች። ብርድ አልነበረም። ከገና ወዲህ ድምፅዋ ቀስ በቀስ እየሳሳ ነው፤ ይህንንም ለማንም አልተናገረችም።

አለመናገሯ ሞኝነት እንዳይመስላችሁ። ኬዛያ የምትኖርበት ጎጆ የእሷ አይደለም፤ የሥራው ነው። በዚያ አገር ደንቡ እንዲህ ነው፦ የፈረስ ጠባቂው ቤት የፈረስ ጠባቂ ነው፣ የቁራ ጠባቂው ቤት የቁራ ጠባቂ ነው። ሥራህን ያጣህ እንደ ሆነ በመጋቢት የእመቤታችን ብሥራት ቀን ዕቃህን ጋሪ ላይ ጭነህ ትወጣለህ፤ ወዴት ቢሉ፣ ዘመድ የሌለው ሰው ወደ ድኾች ማጎሪያ ነው። ኬዛያ ዘመድ የላትም። ሁለት ልጆቿንና ባሏን ያወጣችው ከዚያው ጎጆ ነው፣ ሦስቱንም በሬሳ ሣጥን። ስለዚህ ዝም አለች።

ዝም ማለቷ ግን ከስኔሊንግ አላዳናትም። ስኔሊንግ የእርሻው አለቃ ነው፤ ረጅም፣ ቀይ አንገት፣ ሰው ሲቸገር ወሬውን የሚያጣጥም ሰው። ሴት ልጁን በቅርቡ ድሯት የምትገባበት ቤት አጥቷል። የኬዛያን ድምፅ መላላት እንደ ሰማ ያን ጎጆ በዓይኑ ለካው፣ በዚያው ሰሞንም ለሚስተር ፑሊ ሹክ አለ።

ሁለቱ አብረው ቀጥቃጩ ቤት ደጃፍ ላይ አገኟት። ፈረስ ሊያስጫሙ የመጡ ሰዎች ቆመው ነበር።

«ላርተር፣» አላት ሚስተር ፑሊ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እጁ ግን የታሰረ ነው። «ሥራሽን አልነቅፍም። ግን ድምፅሽ ሄደ። ዘንድሮ ስኔሊንግ በጠመንጃ ይጠብቅልኝ። የብሥራት ቀን ሲደርስ ቤቱን ትለቂያለሽ።»

ኬዛያ ቀና ብላ አየችው። «ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከማሳዎ አንዲት አተር አስበልቻለሁ?»

«አላስበላሽም።»

«በዚህ መንደር ዝንቤን እሽ ያለኝ የለም!»

«ዝንብሽን ተይው፣ እማማ፤» አለ ስኔሊንግ፣ «ቁራውን እሽ በይ!»

ሰዉ ሳቀ። ያ ሳቅ ሆዷ ውስጥ ገባ። ከንዴቷም የተነሣ ያላሰበችውን ተናገረች።

«እንግዲያው እንወራረድ! ሰኞ ሁለቱም የአተር ማሳዎች ይዘራሉ። ላይኛውን እሱ በጠመንጃው ይጠብቅ፤ ታችኛውን እኔ በአፌ። እስከሚቀጥለው ሰኞ። የኔ ማሳ ከሱ ይልቅ ከተቆፈረ አልጋዬን ራሴ ተሸክሜ እወጣለሁ።»

ሚስተር ፑሊ ውርርድ ሲሰማ ጆሮው ይቆማል፤ የፈረስ ግልቢያ ቀን ቤተ ክርስቲያን የሚቀር ሰው ነው። «ካሸነፍሽ ሥራሽ ያንቺ ነው» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ይህ ሁሉ ሰው ምስክር ይሁን።»

ሰው ሲበታተን ዶርካስ መጥታ ክንዷን ያዘቻት። ዶርካስ ልብስ አጣቢ ናት፣ ጎረቤቷ፤ ስትንሾካሾክ ከወንዝ ማዶ የሚሰማ ድምፅ እግዜር የሰጣት ሴት። «አብደሻል እንዴ አንቺ? ከጠመንጃ ጋር?» አለቻት። ኬዛያም «አሸንፋለሁ» አለች። ዶርካስም ቁርጥ ያለ ነገር ስለምትወድ አመነቻት።

ሰኞ አተሩ ተዘራ። ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ቁራው ከባለርስቱ ዛፎች ላይ እንደ ጥቁር ጨርቅ ተነሥቶ መጣ። ስለ እነዚያ ዛፎች አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሚስተር ፑሊ ራሱ መሬቱን የሚያርሰው ከባለርስቱ ተከራይቶ ነው፤ ባለርስቱም ቁራዎቹን እንደ ቤቱ ከብት ያያቸዋል። ቁራ ዛፉን ጥሎ ከሄደ ያ ቤት ይጠፋል ይላሉ እዚያ። ስለዚህ አንዲት ቁራ መግደል ከመሬቱ ያስነቅላል። ስኔሊንግ ጠመንጃውን የሚያጎርሰው ባሩድ ብቻ ነው፤ እርሳስ የለበትም።

ሆኖም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ጠመንጃው ንጉሥ ሆነ። ጧ! ሲል የላይኛው ማሳ ባዶ ይሆናል፤ ቁራውም ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወደ ኬዛያ ማሳ ይመጣል። ስኔሊንግ አጥሩ ላይ ቆሞ ፒፓውን እያጨሰ «እንግዶች ልኬልሻለሁ፣ እማማ! ምሳ አቅርቢላቸው!» ይላታል። ኬዛያ አትመልስም። ለሰው የምታባክነው ድምፅ የላትም።

የእሷ አሠራር ሌላ ነው። ሌሎች ወፍ ጠባቂዎች ከንጋት እስከ ማታ ሲጮኹ ይውላሉ፣ ወፉም እንደ ወንዝ ጩኸት ይለምደዋል። ኬዛያ አጥር ሥር ተወሽቃ ዝም ትላለች። ቁራ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ አይወርድም፤ አንድ አሮጌ፣ አፉ ዙሪያ ላባው ያለቀ መሪ ቀድሞ ይወርዳል፣ አካባቢውን ያያል፣ ከዚያ ሌሎቹ ይከተላሉ። እሷ የምትጠብቀው እሱን ነው። እግሩ ትልሙን ሲነካ ብድግ ትልና «ሹ!» ትላለች፤ ያን ጊዜ ድንጋዩ ከወንጭፏ ወጥቷል። አትመታውም። ከአፍንጫው ሥር ያለውን ጓል ግን ታፈርሰዋለች። ቃሉን ባዶ እጇን ብላው አታውቅም፤ አንድ ቀን እንኳ፣ ታማ እንኳ። ቁራውም ይህን ያውቃል። አባቱም ያውቅ ነበር።

እነዚህን ሁለት ቀናት ግን መሪው አንድ አልነበረም። ከጠመንጃው የሸሸው ሁሉ በየአቅጣጫው ሲወርድባት ከጥግ ጥግ ስትሮጥ ዋለች። ረቡዕ ማታ እግሯ አብጦ ጫማዋን ያወለቀችላት ዶርካስ ናት።

ሐሙስ ነገሩ ተለወጠ። ጠመንጃው ሲጮኽ ቁራው ተነሥቶ አጥሩ ላይ አረፈና ጢሱን ተመለከተ። ዓርብ ዕለት ጧ! ሲል አንድ ጊዜ ብቻ ፈንጠር ብሎ መቆፈሩን ቀጠለ። ቁራ ሞኝ አይደለም። የሞተ የለም፣ የቆሰለ የለም፣ አንዲት ላባ እንኳ የረገፈበት የለም፤ ይህ ነገር ራሱ ገርፎ ራሱ የሚጮኽ ጅራፍ መሆኑን በሦስት ቀን አወቀ። ቅዳሜ ዕለትማ አንዱ ከጠመንጃው አፈሙዝ አሥር እርምጃ ላይ ቆሞ አተር ሲውጥ ቄስ ሀቨርስ በዓይናቸው አይተዋል። ስኔሊንግ ፒፓውን አልለኮሰም በዚያ ቀን።

ኬዛያ ደስ ሊላት ሲገባ እሑድ ጧት ስትነቃ ድምፅዋ የለም። መላላት አይደለም፤ ጭራሽ የለም። አፏን ከፍታ «ዶርካስ» ልትል ሞከረች፣ አየር ብቻ ወጣ። ዶርካስ ማር በኮምጣጤ አፍልታ አጠጣቻት፣ አንገቷን በሞቀ ጨርቅ ጠቀለለችላት፤ ምንም። ዝናብ ስለጣለ ቁራው የዚያን ዕለት እምብዛም አልወጣ፣ በወንጭፍ ብቻ እንደ ምንም ዋለች። ግን ወሬ እግር አለው። ማታውን ስኔሊንግ ሰምቶ «አሮጊቷ ዲዳ ሆነች!» እያለ በመጠጥ ቤቱ ቢራ ጋበዘ። እሱ የሰው ቢራ የገዛበትን ቀን የሚያስታውስ አልነበረም።

ሰኞ የመጨረሻው ቀን ነው። ስኔሊንግ ሚስተር ፑሊን ብቻ ሳይሆን ግማሹን መንደር ይዞ መጣ። ሰዉ በአጥሩ ዳር ተሰለፈ፤ ቄሱም ነበሩ። ኬዛያ ከታችኛው ማሳ መካከል ቆማለች፣ ፊቷ እንደ አመድ። ወንጭፏ በእጇ ነው። በሁለቱ ማሳ ያለው ልዩነት በዓይን ይታያል፤ የላይኛው ፈንጣጣ የያዘው ፊት መስሏል። ይህን ስኔሊንግም አየ። ሰው ሁሉ ማየቱንም አየ።

ያን ጊዜ ነው ነውሩን የሠራው። ላይኛው ማሳ ላይ ሁለት መቶ የሚሆን ቁራ ሰፍሮ ይለቅም ነበር። ስኔሊንግ ከበስተኋላው ዞረና ኮቱን አውልቆ እያውለበለበ፣ ሁለት ውሾቹን ለቅቆ፣ መንጋውን እየነዳ በአጥሩ ላይ አሻግሮ ወደ እሷ ማሳ አፈሰሰው።

«በይ እንግዲህ!» ብሎ ጮኸ። «አባሪያቸው! ምነው ዝም አልሽ?»

«ኧረ ስኔሊንግ፣ ይህ አይደረግም!» አሉ ቄሱ።

«በአፌ ብላ የለም እንዴ የተወራረደችው? በአፏ ታድርገው!»

ሁለት መቶ ቁራ በአንድ ጊዜ ወረደ። ትልሙ ጠቆረ። ዶርካስ ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። ኬዛያ ወንጭፏን አየችው፤ አንድ ድንጋይ ለሁለት መቶ ምን ይሠራል? በዚያች ሰዓት የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ መሬቱ ተከፍቶ እንዲውጣት። ግን ቁጣዋ ከፍርሃቷ በለጠ። የተዘራው አተር የሷ ነው፤ ስድስት ቀን በእግሯ ቆማበታለች። በመንጋው መካከል አሮጌውን፣ ፊቱ የተመለጠውን መሪ ፈለገችና አገኘችው።

ክንዷን ወደ ኋላ አነሣች። ደረቷን ሞላች። ከዚያም ተነፈሰች።

«ሹ።»

አጥሩ ዳር የቆመው ሰው አልሰማውም። ቄሱ ብቻ ቀረብ ብለው ነበርና እንደ ነፋስ ሽውታ ሰሙት። አሮጌው ቁራ ግን ቀና አለ። አያት። አየችው። ለአንድ አፍታ ሁለቱ ብቻ ነበሩ በዚያ ሁሉ ማሳ ላይ። ከዚያ ክንፉን ገልጦ ተነሣ፤ ሲነሣ መንጋው ሁሉ ተነሣ፤ ሰማዩ በክንፍ ተሞላ፤ በሰው አናት ላይ፣ በስኔሊንግ አናት ላይ፣ በውሾቹ አናት ላይ አልፈው ወደ ባለርስቱ ዛፎች ተመሙ። አንድም አልቀረ። ድንጋዩ ከወንጭፏ አልወጣም ነበር።

ሰዉ ሁሉ መንጋውን በዓይኑ ሸኘ። ከዚያ ዶርካስ «እሰይ!» አለች፤ የዶርካስ እሰይ ደግሞ እሰይ ነው። ሰዉ ባርኔጣውን ወረወረ፣ ቀጥቃጩ አጥሩን ዘልሎ ገባ፣ የስኔሊንግ ውሾች ሳይቀሩ ጅራታቸውን እየቆሉ ወደ ኬዛያ ሮጡ። ቄስ ሀቨርስ ደግሞ ቄስነታቸውን ረስተው እንደ ልጅ ያጨበጭቡ ነበር።

«ትንፋሽ ናት!» ይሉ ነበር ላገኙት ሰው ሁሉ እጁን እየያዙ። «ድምፅ አያስፈልጋትም፤ ቃሏ ትንፋሽ ብቻ ናት! ጀርመንም ሮማም አይደለም። መጀመሪያ ያወጣት ሰው ጮኾ ጮኾ ድምፁ ያለቀበት መሆን አለበት!» ማንም አልሰማቸውም። ወረቀታቸው ላይ ግን ያንኑ ጻፉት፣ ትርጉሟንም ኬዛያ እንዳለችው።

ሚስተር ፑሊ ትልሙን ተሻግሮ መጣ፤ ባርኔጣውን አወለቀላት። «ቃሌ ቃል ነው፣ ላርተር። ሥራሽ ያንቺ ነው።»

ኬዛያ ራሷን ነቀነቀች። እምቢ።

ሰዉ ደነገጠ። «እንዴት እምቢ?» አለ ፑሊ። ኬዛያ ዶርካስን በጣቷ ጠራቻትና በጆሮዋ አንዳች ነገር ተነፈሰችላት። ዶርካስም ቀና ብላ መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ አስተጋባችው።

«ሥራ ብቻ አልፈልግም ትላለች! ሥራ ያረጃል፣ እኔም አረጃለሁ ትላለች! ቤቱን ነው የምትፈልገው፣ እስክትሞት ድረስ፣ ሠራችም አልሠራችም!»

«ቤቱ የሥራው ነው፤» አለ ፑሊ። «ደንቡን ታውቂው የለም?»

ኬዛያ እንደገና በጆሮዋ ተነፈሰች። ዶርካስ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «እንግዲያው ጠመንጃው ይግባበት ትላለች!»

መንደሩ በሳቅ ፈነዳ። ፑሊ ወደ ላይኛው ማሳ ዞሮ አየ፤ የተቆፈረውን፣ እንደገና መዘራት ያለበትን። ከዚያ ታችኛውን አየ። ገብሱ ገና አልተዘራም፤ ስንዴውም ከፊቱ ነው፤ ቁራው ደግሞ ለከርሞም አለ። እሷ ከሄደች ማን ይጠብቅለታል? በመጨረሻም በሚስቀው ሰው መካከል እሱ ራሱ ሳቀ።

«ወረቀት ያለው ማነው?» አለ።

ወረቀትማ በቄሱ ኪስ ሙሉ አለ። በዚያው በማሳው መካከል፣ በቀጥቃጩ ጀርባ ላይ ተደግፎ ተጻፈ፦ ኬዛያ ላርተር ጎጆዋን በሕይወት እስካለች ማንም አያስለቅቃትም። ፑሊ ፈረመ፣ ቄሱ መሰከሩ። ስኔሊንግን ሰዎች ሲፈልጉት ኮቱን እንኳ ሳያነሣ ሄዷል።

ዶርካስ ኬዛያን ደግፋ ወደ ቤት ወሰደቻት። በሩን ከፍታ ግን ደፉ ላይ ቆመች። ቤቱ ባዶ ነበር። ግድግዳው ላይ ሰዓቱ የለም፣ ምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያው የለም። አልጋው ተፈትቶ በገመድ ታስሯል፤ ሳህኖቹ በገለባ ተጠቅልለው ቅርጫት ውስጥ ናቸው፤ የልጆቿ ሁለት ትናንሽ ጫማዎች ከሁሉ በላይ ተቀምጠዋል።

«አንቺ!» አለች ዶርካስ። «አሸንፋለሁ ብለሽኝ አልነበረም እንዴ? መቼ ነው ይህን ያሰርሽው?»

ኬዛያ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች። ዶርካስ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አፏ ላይ አደረገች።

«አሸንፋለሁ አልኩ እንጂ አልፈራም አላልኩም» አለች ኬዛያ በትንፋሽ። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ያልወረደው እንባ ወረደ፤ እያለቀሰችም ትስቅ ነበር። ዶርካስም አብራት እያለቀሰች ተንበርክካ የአልጋውን ገመድ መፍታት ጀመረች።